የዕጩው እናት

ዕጩው አዳራሹ ጢም ብሎ እስኪሞላ ጠበቀና ወደ መድረኩ ወጣ። የምክር ቤት ምርጫው ደርሷል። ተፎካካሪው በቀደም «አንድ ሰው ሴትም ነኝ ቢል ወንድም ነኝ ቢል መንግሥትን ምን አገባው?» ብሎ መናገሩ ለእሱ ሲሳይ ሆኖለታል።

«ወገኖቼ!» አለ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «በእኛ አገር ወንድ ወንድ ነው፤ ሴትም ሴት ናት! ወንድ ልጇን ሴት ብላ የምትጠራ እናት ይህች ምድር አላበቀለችም፤ ወደፊትም አታበቅልም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «እንዲህ ነው እንጂ ወንድ!» አለ አንዱ ከኋላ። ዕጩው ላቡን ጠረገ፤ ምርጫውን በእጁ ያስገባ መሰለው።

ከፊት የተቀመጡት አሮጊት እናቱ የንግግሩ ነገር እምብዛም አልገባቸውም። ያን ሁሉ ዓይን በልጃቸው ላይ ሲያዩ ግን የሰው ዓይን እንዳይበላባቸው ሰጉ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ፈንታነሽ!» ብለው ተጣሩ። «ነይ ውረጂ የኔ ልጅ፣ እንትፍ እንትፍ ልበልብሽ! ይሄ ሁሉ ዓይን አርፎብሻል!»

«አቤት እማዬ!» አለ ዕጩው ሳያስበው። ድምፅ ማጉያው ለአዳራሹ ሁሉ አሰማለት።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። የስብሰባው መሪ ግራ ገብቶት፣ «እማማ፣ ፈንታነሽ ማናት?» ሲል ጠየቃቸው።

«ይሄ ነዋ!» አሉ ወደ መድረኩ በምርኩዛቸው እያመለከቱ። «ወንዶቹ ልጆቼ ሁሉ እየሞቱ ቢያስቸግሩኝ፣ ይሄንን ሹሩባ ሠርቼ ቀሚስ አልብሼ፣ ሴት ናት እያልኩ ከሞት ደበቅሁት። ባልደብቀው ኖሮ ዛሬ ማንን ልትመርጡ ነበር?»