ገመድ የሌለው ግራይንደር

ወይዘሮ እንግዳወርቅ በሰባ አንድ ዓመታቸው ግራይንደር ገዙ። ባትሪ የሚጎርስ፣ ገመድ የሌለው የብረት መቁረጫ። ከነካርቶኑ ታቅፈውት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ቀያይረው አሌክሳንድሪያ፣ ተሻገር ጋራዥ ደረሱ። ተሻገር ብረት በያጅ ነው፤ የቤታቸውን የደረጃ መደገፊያ የሠራው እሱ ነበር።

«እትዬ፣ ይኼን ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«ሥራ አለኝ።»

«ጓጉንቸር መቁረጥ ከሆነ እኔው መጥቼ በአንድ ደቂቃ ልገላግልዎት።»

«ገላግለኝ አልኩህ? አያያዙን አሳየኝ።»

ተሻገር ሳቀ። «እሺ። ግን ገመድ ያለው አለኝ፣ እሱን ላውስዎት። ባትሪ አለቀ አላለቀ የለበትም።»

«ገመድ አይሆነኝም።»

መጀመሪያ ነጠላቸውን አስወለቃቸው። የሚሽከረከር ነገር ጨርቅ ይወዳል አለ። በማንበቢያ መነጽራቸው ላይ ሌላ ሰፊ መነጽር ደረበላቸው፤ ጆሯቸውንም ደፈነ። የጎን እጀታውን አጥብቆ አሰረና ሁለቱንም እጃቸውን አስያዛቸው። የሚቆርጠውን ዲስክ መሸፈኛ ወደ እሳቸው አዞረው። ዲስኩ ቢሰበር ፊትዎን የሚያድነው ይሄ ነው አለ።

«ባትሪው ሳይወጣ ዲስኩን አይነኩም። ሊቀይሩም ቢሆን፣ ሊያጸዱም ቢሆን። ሥራ ሲጨርሱም ባትሪው ለብቻው ይቀመጣል።»

«ሰማሁ።»

«አይጫኑት፣ በራሱ ክብደት ይብላ። ካጠፉት በኋላም ወዲያው አይቆምም፤ እስኪቆም ከእጅዎ አያውርዱት።»

«እንደ ወንድ ነዋ። በቃ አቆመ ስትል ይሽከረከራል።»

አሮጌ ቧንቧ ላይ አስሞከራቸው። ብልጭታው ጎማ ጫማው ላይ ተረጨ። ቧንቧው ቀጥ ብሎ ተቆረጠ።

«የድንጋይስ የለህም?» አሉ መነጽሩን እያወለቁ።

«ድንጋይ ደግሞ ምን አለዎት?»

«ደጃፌ ላይ ያለችው ንጣፍ ጠርዟ ተነስቶ እግር ትመታለች።»

ተሻገር ከመሳቢያው የድንጋይ መፋቂያ ዲስክ አወጣላቸው። የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ይገባል፣ ጭምብል ያድርጉ፣ ነፋሱን ከኋላዎ ያድርጉት አላቸው። ዲስኩን በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ገና አውቶቡስ ሳይሳፈሩ ተሻገር ለልጃቸው ለሃኒ ደወለ።

«እናትሽ ግራይንደር ገዝተዋል። የሚቆርጡት ጓጉንቸር ያለ ይመስለኛል።»

ሃኒ ስፕሪንግፊልድ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

ጓጉንቸሩን ታውቀዋለች። በእናቷ ቤዝመንት፣ ከምድር ቤቱ ግድግዳ ሶኬት ሥር፣ የአባቷ የዓብዩ ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። አባቷ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቁልፉን በእጇ አስጨብጦ «እናትሽ እንዳታይ» ብሏታል። ሳጥኑ ውስጥ በርክ በምትባል ከተማ ከምትኖር መነን ከምትባል ሴት የመጡ ደብዳቤዎች አሉ። የአንድ ልጅ ፎቶግራፎችም አሉ። ልጁ ግንባሩ የዓብዩ ነው። ሃኒ ለእናቷ ቁልፉ ጠፋ አለች። ሦስት ዓመት እንደጠፋ ኖረ።

ከቀብሩ ወዲህ ሁሉንም የተሸከመችው እሷ ናት። ፍትሐቱን፣ አርባውን፣ የመቃብሩን ድንጋይ። ድንጋዩ ላይ የእናቷንም ስም ከአባቷ ጎን አስቀረጸች፤ የልደት ዓመታቸው ተጽፎ የሞታቸው ባዶ ቀረ። እዚህ አገር ለባልና ሚስት እንዲህ ነው የሚደረገው አለቻቸው። እናቷ ድንጋዩን አየት አድርገው «ወረፋ ያዛችሁልኝ?» አሉ። አርባ አራት ዓመት የተከበረ ትዳር ነው። ያንን ማንም ግራይንደር አይቆርጠውም አለች ሃኒ በልቧ።

በማግስቱ ጠዋት፣ እናቷ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ቤዝመንት ወርዳ ሳጥኑን ከፈተች። የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዋን መታው። ከሦስት ዓመት በኋላም ነጫጮቹ እንክብሎች ትናንት የተጨመሩ ይመስል ገና ድቡልቡል ነበሩ። ደብዳቤዎቹንና ፎቶግራፎቹን ፌስታል ውስጥ ከተተች፣ ከላይ የነበሩትን የአባቷን ካፖርቶች ብቻ ትታ መልሳ ቆለፈች። ፌስታሉን መኪናዋ ኋላ ጣለችው። አሁን ይቁረጡት።

ቅዳሜ ዕለት እናቷ ዘንድ መጣች። የገበያውን ዕቃ ሁሉ በአንዴ አንጠልጥላ ገባች።

«አንዱን ስጪኝ እንጂ» አሉ እናቷ።

«ተይ እማዬ፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

«አንቺ መሸከም ትወጃለሽ።»

ሃኒ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ተሻገር ነገረኝ። ያ ማሽን ሴፍ አይደለም፣ እማዬ። ባንቺ ዕድሜ?»

«ከእሱ የባሰ ይዤ ኖሬያለሁ።»

«ተጠቀምሽበት?»

«ሐሙስ ዕለት።»

ሃኒ ውሃ ላምጣ ብላ ወደ ቤዝመንት ወረደች። ጓጉንቸሩ እንዳለ ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ግራይንደሩ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ባትሪው ወጥቶ ለብቻው። ግራጫ ብናኝ ለብሷል። ከጎኑ ጭምብል፣ ከጭምብሉ አጠገብ ደግሞ የጉልበት ማሳረፊያ ትራስ አለ።

ንጣፏን ነው እንግዲህ። ሃኒ ከስንት ቀን በኋላ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ጎበዝ» አለች ተመልሳ። «ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት።»

እናቷን ስማ ወጣች። ደጃፉ ላይ የንጣፏ ጠርዝ እግሯን መታት።

መኪናዋ ዘንድ ሳትደርስ ስልኳ ጮኸ። ከመካነ መቃብሩ ቢሮ የምትደውል ሴት ናት። ይቅርታ ጠየቀች፤ ያየ ሰው የለም አለች፤ ለፖሊስ ማመልከት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀች።

«የአባትሽ ስም አልተነካም» አለች ሴትዮዋ፤ «ከጎኑ የነበረው ግን ተፍቆ ጠፍቷል፣ ያውም እጁ በሰለጠነ ሰው።»