አልጋ የሚያሳልፍ በር

አናጺው ሆስፒታል ላለመርገጥ የማለው ታላቅ ወንድሙ ወደ ዋናው ከተማ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ትከሻው ላይ እንደተደገፈ የሞተ ዕለት ነው። ያኔ የልብ ሐኪም ያለው ዋናው ከተማ ብቻ ነበር። ወንድሙ ወረፋ ሲጠብቅ ከርሞ፣ ተራህ ደረሰ ተብሎ ሲሄድ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አናጺው ጥርሱን ሲያመው እንኳ የሚያነሳው የራሱን ጉጠት ነው።

ዘንድሮ ግን በአጎራባቹ ከተማ ሆስፒታል የልብ ክፍል ተከፈተ። በሮቹን የሠራው እሱ ነው። አልጋ እንዲያሳልፉ ሰፊ ይሁኑ ተብሎ ታዘዘ፤ አሳምሮ ልጎ አስረከበ። ወስደው የገጠሟቸው ግን ሠራተኞቹ ናቸው። እሱ መሐላ አለበት።

መሐላውን ያስፈረሰችው ሚስቱ ናት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ነገር ሆናለች። ሌሊት በነቃ ቁጥር አጠገቡ ቁጭ ብላ ያገኛታል። ምነው ሲላት እንቅልፍ እምቢ አለኝ ትላለች። ትራሷንም አንገቴን ያመኛል ብላ ለእሱ ሰጥታዋለች፤ ሁለቱን ደራርቦ መተኛት ለምዷል። ወንድሙም በመጨረሻው ሰሞን ጋደም ማለት አቅቶት ቁጭ ብሎ ነበር የሚያነጋው። ይህ ትዝ ባለው ቁጥር ፍርሃት መጥቶ ደረቱ ላይ ይቀመጥበታል።

ሥራም አልገፋ አለው። እንጨቱ ሁሉ ጠነከረበት። አንዲት ሳንቃ ልጎ ሳይጨርስ መላጊያውን አስቀምጦ ያርፋል። የዘንድሮ ዛፍ በእልህ ነው የበቀለው እያለ በሠራተኞቹ ፊት ይቀልዳል፤ ሠራተኞቹ ግን መሳቅ ትተዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ደረቷን ይዛ፣ ልቤ ልክ አይደለም መሰለኝ ወደ አዲሱ ክፍል ውሰደኝ አለችው። አናጺው ደነገጠ፤ ሲደነግጥ ደግሞ መቆጣት ልማዱ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? እስከዛሬ ምን ዝም አሰኘሽ?»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋን ፈልጋ ለበሰች።

የልብ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሲወጡ ሚስቱ ትንሽ ትሄድና የብረቱን መደገፊያ ይዛ፣ እንረፍ ትላለች። እሱም አብሯት ይቆማል። የእሷ ድካም እሱን ትንፋሽ አሳጣው። ቦርሳሽን ልያዝልሽ ቢላት እምቢ አለች። ግትር ናት፣ ድሮም እንዲሁ ናት።

ላይኛው ፎቅ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። አናጺው የራሱን በር አገኘና በመዳፉ ዳበሰው። ወጣቷ ሐኪም ብቅ ብላ፣ አባባ እዚህ ይቀመጡ፣ መጀመሪያ እማማን ላነጋግር አለችው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር።

«እባክሽ ልጄ፣ ምርመራው እስኪያልቅ እንዳይሰማ» ትላለች ሚስቱ። «ከሰማ ጉዳችን ነው።»

ሐኪሟ ቀስ ብላ መለሰች፤ እሺ ማለቷ ብቻ ተሰማው።

አናጺው ከወንበሩ ልነሳ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ለካ ታውቃለች። ለካ አንድ ሰሞን እህቴን ልጠይቅ ብላ ብቻዋን የጠፋችው እዚህ መጥታ ኖሯል። ልትሞት ነው፤ እሱ እንዳይረበሽ ብላ ደብቃዋለች። ላብ በጀርባው ወረደ። ፍርሃት እስከ ግራ ክንድ ድረስ እንደሚያም እስከዛሬ አያውቅም ነበር። ያለ እሷ ያንን ቤት እንዴት እንደሚከፍተው አሰበና፣ አምላኬ ሆይ፣ ከእሷ በፊት እኔን አድርገኝ አለ።

ሲጠሩት ገብቶ ሚስቱን የምርመራው አልጋ አጠገብ ቆማ አገኛት።

«ይሄ ሁሉ ሽቦ አስፈራኝ» አለችው። «አንተ ቀድመህ ተኛና ልይህ።»

ቤት የገባን እባብ በመጥረጊያ የምታባርር ሴት ናት። ሽቦ ፈራሁ ስትል ነገሩ እንዳበቃ ገባው። ሸሚዙን አውልቆ ተኛ። ለእሷ ሲል ፍም ላይም ተኛ ቢሉት ይተኛል።

ሐኪሟ ደረቱ ላይ ሽቦዎቹን ለጣጠፈች። ማሽኑ ወረቀት አወጣ። ቀጥላ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ፣ ትንሽ መሣሪያ ደረቱ ላይ እያንሸራሸረች ቴሌቪዥን በሚመስል ነገር ላይ ታይ ጀመር። እሱ የሚያየው የሚስቱን ፊት ነው። አያምም፣ መኮርኮር ብቻ ነው ብሎ ፈገግ አለላት። እሷ ግን ፈገግ አላለችም። ሐኪሟ ስለ ወንድሙ ጠየቀችው፤ ነገራት። ክኒን ሰጥታ ያኝኩት ስትለው፣ ለእሷ ስጪያት አለ። ሚስቱ፣ አኝከው፣ እኔን እንዳታሳፍረኝ ብላ ለመነችው። አኘከው።

ሐኪሟ ስልክ አነሳች። ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ክፍሉን አዘጋጁ ስትል ሰማ። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ስታለቅስ አይቷት አያውቅም።

«አይዞሽ» አላት። «ወንድሜን ያጣሁት ሐኪሙ ሩቅ ስለነበር ነው። ያንቺዋ ደጃፍሽ ድረስ መጥታልሻለች።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተና ሁለት ነርሶች ተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ገቡ። አልጋው ግራ ቀኙን ሳይነካ አለፈ። ልኩን አልሳትኩም አለ አናጺው በልቡ። ከዚያ ሚስቱን ደግፎ ሊያስተኛት በክርኑ ቀና ሲል፣ ሐኪሟ ትከሻውን ይዛ ቀስ አድርጋ መልሳ አስተኛችው።

«እኔን ምንም አላመመኝም» አለችው ሚስቱ፣ ሸሚዙን እያጣጠፈች። «ላንተ ነው ብልህ ትመጣ ነበር?»