የአሥራ አንደኛ «ቢ» ፊልም

«ሕይወት፣ እየሳቅሽ እንዳትሞቺብኝ» ትላለች ሶፊ፣ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ እያዞረች።

የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበት ክፍል ጠባብ ናት፤ የጭሮ ባጃጆች ጡሩምባ እዚህ ድረስ ይሰማል። ዛሬ ከሂርና የመጣሁት ለሚዜ ቀሚስ ልኬን ልሰጥ ነው። ሶፊና ኦብሳ ሊጋቡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል።

ስክሪኑ ላይ የምንታየው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የነበርነው እኛ ነን። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን በሶፊ ወንድም ስልክ የቀረጽነው ፊልም ነው። እኔ ዮዲ የምትባል አዲስ ተማሪ ሆኜ እጫወታለሁ። ኦብሳ ደብተር ውስጥ የፍቅር ደብዳቤ ደብቆ ሊሰጠኝ ሲል ደብተሩ ተሳስቶ የሒሳብ መምህሩ እጅ ይገባል። መምህሩን የሚጫወተው የክፍላችን ልጅ መኮንን ነው፤ የአባቱን ኮት ለብሶ፣ ጺሙን በከሰል ስሎ።

መኮንን ደብዳቤው ለሱ የተጻፈ መስሎት ሲሽኮረመም ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ጺሙ በላብ ሟሙቶ አንገቱ ላይ ወርዷል።

«ይሄን ሰርጉ ላይ ካላሳየሽ ወዮልሽ!»

ሶፊ አትስቅም። «አንድ ያልቆረጥኩት ቦታ አለ። መጀመሪያ አንቺ እዪው።»

ትከፍተዋለች። ኦብሳ ከክፍሉ ጀርባ ብቻውን ቆሟል። እኔ ውሃ ልጠጣ ሄጃለሁ። ስልኩ መቅረጹን ያቆመ መስሎታል።

«ሶፊ፣ ዮዲ ማለት እኮ አቃተኝ» ይላል። «አፌ ላይ የሚመጣው ሕይወት ነው። የምሬን ነው አቦ። አንቺ ንገሪልኝ።»

ከዚያ ከስልኩ ጀርባ የሶፊ ድምፅ፣ «ቶሌ፣ እሺ። እነግራታለሁ።»

ምስሉ ይቆማል።

አልነገረችኝም። ያን ዓመት ኦብሳ በድንገት ሲርቀኝ «ምን አድርጌው ይሆን?» ብዬ የጠየቅኩት እሷኑ ነበር። «ወንዶች እንዲህ ናቸው፣ ተዪው» ነበር ያለችኝ።

«ለሱስ ምን አልሽው?»

«‹አትፈልግህም› አልኩት።» እጇ ማውሱ ላይ ደርቋል። «ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ‹ሕይወት ታውቃለች?› አለኝ። የቀሚሱ ልክ ሰበብ ነው፤ የጠራሁሽ ይሄን ላሳይሽ ነው። ከፈለግሽ ሚዜነቱን ተዪው፤ አልቀየምሽም።»

መናደድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ተነስቼ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፤ መንገዱን እያየሁ እቆማለሁ። ኦብሳን ወድጄው ነበር? ምናልባት። ያኔ ቢነግረኝ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? መልሱ ሳልፈልገው ይመጣል፤ ሮጬ ለሶፊ ነበር የምነግራት።

ዞር ስል ሶፊ አሁንም ወንበሯ ላይ ነች። እንደዚህ ትንሽ ሆና አይቻት አላውቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፊልም ስናይ እኔ አለሁ፣ ኦብሳ አለ፣ መኮንን አለ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ እንኳ ዱላ ይዞ ሲያባርረን ይታያል። ሶፊ ግን አንድም ቦታ የለችም። ታሪኩን የጻፈችው እሷ ነበረች። የቀረጸችውም እሷ።

«ሶፊ» እላለሁ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የወደድሽው?»

ቀና ብላ ታየኛለች፤ የጠበቀችው ስድብ ነበር።

«አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?»

«ጠይቄሽ ስለማላውቅ ነው።»

ወንበር ስቤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሶፊ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች።

«ዘጠነኛ ክፍል» ትላለች ቀስ ብላ። «ለጥያቄና መልስ ውድድር ወደ በደሳ ስንሄድ። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ አቧራው ሲፈጀኝ ኦብሳ ሹራቡን አውልቆ ቀዳዳው ላይ ወተፈልኝ። ለማንም አልተናገርኩም።»

እኔም እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፤ ከሷ ጎን።