ላክላን የጠበቀው ኢፎጋ

ላክላን ፕራውዝ ከሜልቦርን ወደ ሳቫኢ ደሴት የመጣው ወንጀል ፍለጋ ነበር። በስነ ወንጀል የዶክትሬት ጥናቱን ለመጨረስ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ራሱን ዶክተር ማለት የጀመረው ግን ከጀልባው ሳይወርድ ነው። ባርኔጣው ከመስፋቱ የተነሳ ዝናብ ሲመጣ የመንደሩ ዶሮዎች በሙሉ ይጠለሉበት ነበር። ከአንገቱና ከወገቡ የተንጠለጠለው የካሜራና የመቅረጸ ድምፅ መሣሪያ ደግሞ አንድ የጦር መርከብ ያስታጥቃል።

ያረፈው የመንደሩ አለቃ ፈሌአፋ ቤት ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ቤት የገባ የዚያ ቤት ሰው ነው። ላክላን ይህን የተረዳው ምሳው በነፃ ነው ብሎ ነው።

ጥናቱ ስለ ኢፎጋ ነው። ሰው ሰውን ክፉኛ ሲበድል፣ ጎህ ሲቀድ የበዳዩ ወገን ተበዳዩ ደጃፍ ይሄዳል። ራሱን በምርጥ ምንጣፍ ሸፍኖ ይንበረከካል። ተበዳዩ ምንጣፉን ካነሳለት ምሕረት ነው። ካላነሳለት እዚያው በፀሐይ ይቃጠላል፤ የባሰም ሊመጣበት ይችላል። ላክላን ይህን ሁሉ ምዕራፍ አራት ላይ ጽፎታል፤ አላየውም እንጂ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ቁርጡን ነግሮታል፦ ዓመቱ ሳያልቅ አንድ ኢፎጋ በዓይኑ ካላየ ዶክትሬቱን ይርሳው።

አስቸጋሪው መንደሩ ነበር። ወር መጣ፣ ወር ሄደ፤ አንድ ሰው እንኳ አልተፈነከተም። ላክላን በሰላማችን ክፉኛ ተናደደ።

"እንዴት ነው እዚህ አገር ሰው የማይጣላው?" አለው አንድ ቀን ፈሌአፋን። ፓስተሩ ሳይቀር "እርስዎ" የሚሉትን ሽማግሌ እሱ "አንተ" ነው የሚለው። "ሌላው ቢቀር ሚስት የቀማ የለም?"

"ታገስ ልጄ፤ እንጸልያለን።"

"ወንጀል እንዲመጣ?"

"ላንተ።"

አንድ ቅዳሜ መቅረጸ ድምፁ ጠፋ። ላክላን ፊቱ በራ። ሌባውን ለማወቅም ጊዜ አልፈጀበትም። ጎረቤቱ ፔሳሚኖ በጎረምሳነቱ አሳማ ሰርቆ ታስሮ ነበር። ዛሬ አያት ነው፤ መዘምራኑን የሚመራውም እሱ ነው።

"የሰረቀ ይደግማል" አለ ላክላን። "ሠንጠረዥ አለኝ።"

እሑድ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ላክላን ደረጃው ላይ ቆሞ ጣቱን ቀሰረ።

"ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው! ነገ ጎህ ሲቀድ እሱና ወገኖቹ ደጄ ላይ እንዲንበረከኩ። እኔ ካሜራዬን አዘጋጃለሁ።"

ፔሳሚኖ የመዝሙር መጽሐፉ ከእጁ ወደቀበት። የልጅ ልጆቹ ቀና ብለው አዩት። ሚስቱ ፊሎመና ብቻ አፏን ከፈተች።

"ዕድሜ ልኩን ስሙን ሲያጥብ ኖረ። ይሄው፣ ይሄ ጉድ ለማቆሸሽ አንድ ጠዋት አልፈጀበትም!"

ፈሌአፋ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። "አለቃው እንኳ በሌባው አፈረ" ብሎ ጻፈ ላክላን።

ከምሳ በኋላ የአለቃው ሚስት ሲኒቫ መቅረጸ ድምፁን ይዛ መጣች።

"እንካ ዕቃህን። ከፍራሽህ ሥር ነበር።"

"አየሽ? ፈርቶ መልሶ ደበቀው!"

"አንተ ተኝተህበት?"

"ብልጥ ሌባ ነው።"

ሲኒቫ ትክ ብላ አየችው። "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ትምህርት የት ነው የምታስቀምጠው?"

"ጭንቅላቴ ውስጥ ነዋ!"

"እንዴት ያለ ሰፊ ቦታ ቢኖርህ ነው" አለችና ጓዳ ገባች። ሳጥን ስትከፍት ተሰማ።

ሰኞ ላክላን ከዶሮ ቀድሞ ተነሳ። ሻይ የሚያቀርብለት አጣ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ደጁ ላይም ማንም የለም። ከሜዳው ማዶ ግን፣ ፔሳሚኖ ደጃፍ ላይ፣ ምንጣፍ የተከናነበ ሰው ተንበርክኳል። ከኋላው ጥቂት ሰዎች አቀርቅረው ተቀምጠዋል።

"እኔ ደጅ ድረስ መምጣት አፍረው ከራሳቸው ደጅ ቀሩ!" አለ ላክላን። ምዕራፍ አራትን እዚያው በቆመበት አሻሻለው። ዶክትሬቱ እጁ ገባ።

ካሜራውን አንጠልጥሎ በረረ። ከፊት አነሳ፣ ከጎን አነሳ፣ የተቀመጡትን እየተራመደ ከኋላም አነሳ።

"ወንጀለኛው ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ አምኗል" እያለ መቅረጸ ድምፁ ውስጥ ያወራል። "እፍረቱ ከጀርባው ይነበባል።"

"ዝም በል አንተ ልጅ!" አሉት ፓስተሩ።

"ለሳይንስ ነው።"

ፀሐይዋ ወጣች፤ ድንጋይ ላይ ዓሣ የሚጠብስ ፀሐይ። ምንጣፉ ሥር ያለው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዲት ሴት ውኃ ይዛ ስትጠጋ ላክላን በእጁ መለሳት።

"ቆይ እስቲ፣ ይሄ ብርሃን ለፎቶ ግሩም ነው። ምንጣፉን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ስፈልግ አነሳዋለሁ።"

እንዲያ ያለ ንቀት በሳቫኢ ታይቶ አይታወቅም፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩበት። እሱ ግን ሌንሱን ይወለውላል።

በመጨረሻ የቤቱ መጋረጃ ተገለጠና ፔሳሚኖ ወጣ።

"ፈሪ!" አለ ላክላን። "በራሱ ፋንታ ዘመዱን አንበርክኮ!"

ፔሳሚኖ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን በሁለት እጁ አነሳ። ላክላን የተንበረከከውን ሰው ፊት ፎቶ ለማንሳት ካሜራውን አስጠጋ።

አለቃ ፈሌአፋ ላብ በላብ ሆኖ ቀና አለና፣ "ይሄን ልጃችንን ይቅር በሉልን" አለ።