ልጁ የመረጣቸው ፒስተኖች

መካኒኩ ፈንቴ የፒስተኑን ቀለበት፣ ሪንጉን፣ በአሮጌዋ የስፖርት መኪና ሲሊንደር አፍ ላይ ቢያስቀምጠው፣ ሳይገፋው ወርዶ ከታች ቅጭል አለ። ሐጅ ዑበይዳ ከካርቱም ሲሸሹ ያተረፉት ይህችን መኪናና በጨርቅ የተጠቀለሉ አራት ፒስተኖች ብቻ ነው። ፒስተኖቹን የመረጠውን ልጃቸውን መንገድ ላይ ቀብረውታል።

«ሐጅ፣ ሲሊንደሩ ድሮ ተፍቆ ሰፍቷል። ልጅዎ ሳይለካ ነው የገዛው፤ ተለቅ ያሉ ከጎንደር ላስመጣልዎ?» አለ ፈንቴ። ቃሉ ካፉ እንደወጣ ቆጨው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሪንጉን አነሱ፤ ዘይቱን በጀለቢያቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ጠርገው መለሱለት።

«እነዚህኑ ግጠማቸው።»

«ዘይት ትበላለች፣ ሐጅ። ከዚህ ከመተማ ገንዳ ውሃ ከተማ እንኳ አታደርስዎትም።»

ሐጅ ወደ ድንበሩ ማዶ፣ ወደ ሱዳን ዞሩ።

«ወላሂ፣ ልጄ፣ የት ልሄድባት?»