በዕቃ ቤት የተቀዳ ካሴት

ኢዮስያስ ሲቀበር ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ ድራም መቺው ጓደኛው ግን እንባ አልወጣውም። ውስጡ በድን ሆኖ ነበር። ከአርባው በኋላ የሟቹ እናት እትዬ ጽጌ አስጠሩት።

«ፎቶውስ ሞልቷል፤ ድምፁ ግን የለኝም። ዘፋኝ አልነበር? እስቲ አሰማኝ፣ ልጄ።»

የነበረው አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ እሱና ኢዮስያስ ተማሪ ሳሉ በእሳቸው ዕቃ ቤት ተደብቀው የቀዱት፣ ዴዝ ሜታል የሚባለው እየተጓራ የሚዘፈን ከባድ ሮክ የሙከራ ቅጂ። ከጥቂት ጓደኞቻቸው በቀር የሰማው የለም።

«እትዬ፣ እርስዎ የሚያስቡት ዓይነት ዘፈን አይደለም።»

«ግድ የለም፣ ክፈተው።»

ከፈተው። ጊታሩ ተንገጫገጨ፣ ድራሙ ተንጓጓ፣ ከዚያ ኢዮስያስ ከሆዱ ማጓራት ጀመረ። እናቱ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ይኼ ልጄ ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«አላወቅሁትም» አሉ ቀስ ብለው።

ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ። ካሴቱ ላይ ግን ከሚቀጥለው ዘፈን በፊት የዕቃ ቤቱ በር ሲንኳኳ ተሰማ።

«እማዬ!» አለ ኢዮስያስ፣ በገዛ ድምፁ።

«ወዬ!» አሉ እትዬ ጽጌ፣ ብድግ ብለው።