ሁለተኛው ዓይን

ጥዑመ ልሳን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ይህ ሰባተኛው ነው። ጣና ዳር ባለ አንድ የባሕር ዳር ቢሮ፣ ለንብረት ክፍል ሥራ። ፈታኟ ባዶ ወረቀትና እርሳስ አቀበለችው።

«ራስህን ሣል። ሥዕሉ ጠባይህን ይነግረናል።»

አባቱ የደሴት ገዳማትን ግድግዳ የሣሉ መሪጌታ ናቸው። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ገና በልጅነቱ አስተምረውታል። ስለዚህ ተጠንቅቆ ሁለት ዓይን ሣለ።

ፈታኟ ወረቀቱን ተመልክታ «ለምን በአንድ ዓይን?» አለችው።

አየው። የሣለው ሰውየ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

«ይቅርታ፣ ልድገመው» ብሎ በሌላ ወረቀት ጀመረ። ሁለተኛውን ዓይን ጨርሶ እርሳሱን ሲያነሳ ይኸኛውም ሥዕል ዞረ።

«ይበቃል፤ እንደውልልሃለን።» በስድስቱም ቦታ እንዲሁ ብለውት ነበር።

ሚስቱ ዜማ ደጅ ላይ ትጠብቀው ነበር። «እህሳ፣ እንዴት ሆነልህ?»

«ያው ነው።»

«ምነው ፊትህን አዞርህብኝ? ዙርና እየኝ እንጂ።»

ዞረ። ዜማ በግራው መጣች፤ ደግሞ በቀኙ መጣች፤ በየትም በኩል የሚታያት አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ከዚያ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ዞርሁ እኮ» አላት። «አንችን እያየሁ ነው።»